ሽጉጡ ላይ የተገጠሙት ሽማግሌ

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ የፍኖተ ሰላም አባወራ ጠዋት ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሽጉጡን ለማሰናዳት ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ጫኔ ይርሳው ግን አርባ ደቂቃ ያስፈልገዋል። የሌላው ሰው ሽጉጥ ላይ የተገጠመው ዕቃ አራት ነው፤ የእሱ ላይ አሥራ ሁለት።

መጀመሪያ ከቻርጀሩ ይነቅለዋል። ቀጥሎ ምስክር የሚባለውን ካሜራ ዓይን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፤ ዓይኑ ከደበዘዘ ሽጉጡ ራሱን «ዕውር» ብሎ ይመዘግብና ባለቤቱ ለሦስት ቀን ከቀበሌው ክልል እንዳይወጣ ይታገዳል። ከዚያ እጀታውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እጀታው የልብ ትርታ ቆጣሪ ነው፤ ጠዋት የተረጋጋ ትርታ ካላገኘ ቀኑን ሙሉ ባለቤቱን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። በዚህ ሰዓት ስለ ምንም ነገር አለማሰብ ይመከራል። ጫኔን ይህ ነገር ብዙም አስቸግሮት አያውቅም።

በመጨረሻ ሽጉጡን አንቀልባ ውስጥ አስገብቶ ደረቱ ላይ ያስረዋል። ሕጉ «በደረት ላይ የሚታሰር መያዣ» ነው የሚለው፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን ሲያየው አንቀልባ መሰለውና አንቀልባ አለው። አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም የሚመዝን ሽጉጥ ወገብ ላይ ተሸጉጦ እንደማይኬድበት፣ ሱሪው የወለቀበት ሰው ሁሉ ያውቃል። ጫኔም ያውቃል። ያውም የትልቋ ልጁ ምረቃ ላይ።

«አስተኛኸው?» ትለዋለች ባለቤቱ ትርንጎ፣ ቁርሱን እያቀረበች። «ሦስት ልጅ ስወልድልህ አንድ ቀን እንኳ አዝለህ አታውቅም።»

«ይኼ እኮ አያለቅስም» ይላል ጫኔ።

«እሱስ እውነት ነው። ይኼ ይመክራል እንጂ አያለቅስም።»

ነገሩ የተጀመረው ጫኔ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። መንግሥት ከሰው እጅ መሣሪያ ለማስፈታት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነለትም። ሰዉ የመሬቱን ካርታ ስጥ ሲባል ይሰጣል፣ ልጅህን ትምህርት ቤት ላክ ሲባል ይልካል፤ ሽጉጡን ሲሉት ግን ወይ አሞኛል ይላል፣ ወይ አገር ጥሎ ይጠፋል። በአራተኛው ሙከራ አንድ ስሙ ያልታወቀ ብልህ ሰው «እንግዲያው መቀማቱን እንተውና እንጨምርበት» አለ። የመሣሪያ ትሕትና ቢሮ የሚባል ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት መብራት ግዴታ ሆነ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ ትርታ ቆጣሪ። ጥይት ለአንድ ሰው ለዕድሜ ልኩ ሦስት ብቻ ተፈቀደ። ሰው አላጉረመረመም፤ እንዲያውም ሽጉጡ ከበፊቱ ይልቅ ጎላ ብሎ ስለሚታይ ደስ አለው። ጫኔ ከአያቱ የወረሰው ማካሮቭ ሽጉጥ ወረቀቱ ላይ አሁንም «ከፊል አውቶማቲክ» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው። ከፊሉ አውቶማቲክ ነው፤ የቀረው ስብሰባ ነው።

አራተኛው ግዴታ ሽማግሌው ነው። ከአፈሙዙ ሥር የሚገጠም፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል ጥቁር ነገር ነው። ሰውየው ቃታውን ሲነካ ወይም ልቡ ከልክ በላይ ሲመታ ሽማግሌው ይናገራል። ሁለት ጊዜ ይለምናል። ሰውየው ሁለቱንም ጊዜ ጮክ ብሎ «እምቢ» ካለ፣ ሽማግሌው ሦስተኛና የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ ቃታውን ይለቃል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ መተኮስ ይችላል። ቢሮው ለየዞኑ ሰው የሚያፍረውን አንድ ሰው ፈልጎ ድምፁን ቀዳ። ለእነ ጫኔ ዞን የተመረጡት፣ ስንት ደም ያደረቁት፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁት አቶ ይርሳው ወንድይፍራው ነበሩ። የጫኔ አባት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በዞኑ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም፤ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በጠብም። አንድ የጅጋ ሰው ብቻ በወሰን ጠብ አንድ ጊዜ «እምቢ» እስከማለት ደርሶ ነበር ይባላል። ሁለተኛውን ሊል አፉን ከፍቶ አቃተውና እዚያው እርሻው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በማግስቱ ከነቤተሰቡ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ። ይርሳውን እምቢ ያለ ሰው ተብሎ እንዴት አድርጎ ገበያ ይወጣል?

ለምሳሌ ባለፈው ሚያዝያ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተራ ለመያዝ ተጋፍተው፣ ተሰዳድበው፣ እጃቸውን ወደ አንቀልባቸው ሰደዱ። ወዲያው ከሁለቱም ደረት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ተው። እኔን ካከበርከኝ ተው» የሚል ወጣ። ሰዎቹ እንደ ተማሪ አቀርቅረው ተቃቀፉ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ጫኔን አየው።

«አባትህ እኮ ናቸው» አለችው ዳቦ ሻጯ፣ ውለታ የዋለላት ይመስል።

«አዎ» አለ ጫኔ። «ቤትም እንዲሁ ናቸው።»

እውነቱን ለመናገር የጫኔ ችግር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። እምቢ ቢባሉ እንኳ የማይቆጡ፣ ብቻ ዝም ብለው የሚያዩ አባት ሥር ያደገ ሰው፣ እምቢ የሚለውን ቃል አፉ ላይ ማምጣት አይሆንለትም። መናኸሪያ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነው፤ ሞልቷል ማለት ስለማይችል ከእሱ ተራ የሚወጡ አውቶቡሶች ሁልጊዜ ያዘመሙ ናቸው። ሽጉጡም አሥራ ሁለት ዕቃ የተሸከመው ጫኔ ጦረኛ ስለሆነ አይደለም። ገበያው ዳር የሽጉጥ ማስዋቢያ የምትሸጠዋ ሶልያና በጣም ጎበዝ ሻጭ ስለሆነች ነው።

«ጋሽ ጫኔ፣ መስታወት አላስገጠምክም እንዴ? ጠላት ከኋላ ቢመጣብህስ?» ትለዋለች።

ጠላት የለኝም ማለት ያሳፍራል። «እሺ፣ ግጠሚልኝ» ይላል። መስታወቱ ጢሙን ለመከርከም ጠቅሞታል። አሥራ ሰባት ጥይት የሚይዝ ካዝናም ገዝቷል፤ ያሉት ጥይቶች ሦስት ሲሆኑ፣ ሲራመድ ውስጡ ይንቀጫቀጫሉ። ዝናብ እንዳያገኘው በራሷ የምትዘረጋ ትንሽ ጃንጥላ አለችው። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ፣ ማራገቢያ፣ ለቅሶ ቤት የሚጠቅም የሶፍት መያዣም አለው። የውሃ ልክ ደግሞ አለው፤ እሱ ቤት ያሉት ፎቶዎች ሁሉ ቀጥ ብለው የተሰቀሉት በሽጉጥ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ፎካሪው አለ። ፎካሪው ሽጉጡ ከአንቀልባው ሲወጣ በወፍራም ድምፅ የባለቤቱን ዘር ማንዘር እየጠራ የሚፎክር ድምፅ ማጉያ ነው። ስም ማስገቢያውን በኋላ እሞላዋለሁ ብሎ ስድስት ዓመት አለፈው።

አቶ ይርሳው ይህን ሁሉ ሲያዩ ምንም አይሉም ነበር። አንድ ቀን ብቻ በጃንጥላዋ አሳብበው «ለእኛስ የሚዘረጋ የለም?» ብለዋል።

አዛውንቱ ታመው የወደቁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረጉና ጫኔን አስቀሩት። ከትራሳቸው ሥር አንዲት የተቋጠረች መሐረብ አውጥተው ፈቱ። ሦስት ጥይቶች ነበሩባት፤ ዕድሜ ጥቁር አድርጓቸዋል።

«የእኔ ድርሻ ናቸው። አንዷንም አልነካሁም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ስቀበር ተኩስልኝ። ሦስቱንም።»

ጫኔ ትኩሳት መሰለው። እጁን ግንባራቸው ላይ ሊያደርግ ሲል ገፉት።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ…»

«አዎ፣ እኔ እኮ! ዕድሜ ልኬን ተው፣ ተዉ ስል ኖርኩ። የተኩስ ድምፅ እንደምወድ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴ ሲቀበር ሰባት ጠመንጃ ነው የተተኮሰለት። ተራራው እየተቀባበለ ሲመልሰው፣ አገር ሁሉ ሰው ሞተ ብሎ ቀጥ አለ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። አሁን ሰው እንዴት ነው የሚቀበረው? በጭጭ። በስልክ መልእክት። እኔ በጭጭ አልቀበርም።»

«ሽማግሌውስ?» አለ ጫኔ። «አይፈቅድልኝም እኮ። እርስዎ ራስዎ አይፈቅዱልኝም።»

አዛውንቱ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

«እሱን ከእሱ ጋር ተነጋገር» አሉ ሲመለስላቸው።

«ሦስተኛው ላይ ምን ብለው ነበር? ማንም ሰምቶት አያውቅም።»

«ረሳሁት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። የሚቀዳው ጎረምሳ ‹ሦስተኛው ለፎርማሊቲ ነው፣ ማንም እዚያ አይደርስም› አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብዬ ወጣሁ።» ከዚያ የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ትተኩሳለህ?»

«እሺ፣ አባባ» አለ ጫኔ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? በሕይወቱ ሁሉ እሺ ሲል ኖሮ፣ የዛሬው እሺ ሁለት ጊዜ እምቢ እንዲል የሚያስገድድ እሺ መሆኑን ደጃፉ ላይ ሲደርስ ነው ያሰበው። ያውም በአደባባይ፣ ያውም አባቱን።

አቶ ይርሳው በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ቀብሩ ላይ አገር ነው የመጣው። ሰው ያላሰበው ነገር ግን ገና አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ተጀመረ። አልቃሾቹ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የወንዶቹ ልብ መምታት ጀመረ፤ ልብ ሲመታ ትርታ ቆጣሪው ቆጠረ፤ ከአንድ አንቀልባ «ልጄ፣ ተው» የሚል ድምፅ ወጣ። ከሌላው ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ከሦስት መቶ ደረት የሟቹ ድምፅ ለቀስተኛውን ተው፣ እኔን ካከበርከኝ ተው እያለ መለመን ያዘ። ሰዎች እያፈሩ አንቀልባቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ድምፁ በነጠላው ውስጥ ታፍኖ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ከመቃብር የሚወጣ መሰለ። አንዲት አሮጊት «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ አርፈህ ተቀበር!» ብለው ጮኹ።

ሣጥኑ ወርዶ የመጀመሪያው አፈር ከተጣለ በኋላ ጫኔ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሽባባው ተጠጋ።

«ሦስት ጥይት ልተኩስ ነው» አለ በሹክሹክታ።

አቶ ሽባባው የፕሮግራሙን ወረቀት አዩ። «እዚህ ላይ የለም» አሉ።

«አባባ ነው ያሉኝ።»

«ልጄ፣ ከሕይወት ታሪክ ንባብ ቀጥሎ የምስጋና ቃል ነው ያለው። ተኩስ አልተያዘም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጫኔ እሺ ብሎ ይመለስ ነበር። እሺ ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ጉድጓዱን አየ፤ ከአፈሩ ሥር የሳጥኑ አንድ ጥግ ይታያል። ዞረና አንቀልባውን ፈታ።

ሽጉጡ ብቅ ከማለቱ ፎካሪው ተነሣ። «እኔ!» አለ በወፍራም ድምፅ፣ መካነ መቃብሩ እስኪያስተጋባ። «እኔ፣ የ—ስም ያስገቡ—ልጅ! የ—ስም ያስገቡ—የልጅ ልጅ!»

ሕዝቡ በድንጋጤ ዞረ። ሰኔ ነውና ሰማዩ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ጃንጥላዋ በራሷ ተዘረጋች። ማራገቢያውም ዞረ።

«በግራ በኩል ያለችዋን! ጋሽ ጫኔ፣ በግራ በኩል ያለችዋን ተጫናት!» ስትል ጮኸች ሶልያና ከሴቶቹ መሐል።

ጫኔ በግራ በኩል ያለችውን ተጫነ። መብራቱ በራ። ፎካሪው አሁንም ስም ያስገቡ ይላል። የአሥራ ሰባት ጥይቱን ካዝና ነቅሎ፣ የራሱን ጥይቶች ኪሱ ከትቶ የአባቱን ሦስቱን ሲሞላ አንዷ ወድቃ ጭቃ ውስጥ ገባችና ተንበርክኮ ፈለጋት። በዚያች ሰዓት ራሱን ከላይ ሆኖ የሚያየው መሰለው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጢሙ የተከረከመ፤ አባቱ መቃብር አፋፍ ላይ፣ ጃንጥላ የያዘ ሽጉጥ አቅፎ በጭቃ ውስጥ ይዳክራል። አባቱ ቢያዩት ዝም ብለው ነበር የሚያዩት። ጥይቷን አገኛትና በሱሪው ጠረጋት።

ተነሥቶ ሽጉጡን ወደ ላይ አንሥቶ ቃታውን ነካ። ፎካሪው ለሽማግሌ ቦታ መስጠት እንዳለበት ያውቃልና ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ ተው» አሉ አባቱ። «እኔን ካከበርከኝ ተው።»

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፁ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፃቸው ነው፤ ገና ሳል ያልገባበት፣ ጤነኛ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ለጫኔ ያልመጣለት እንባ አሁን ግንፍል ብሎ መጣ።

«እምቢ» አለ።

«አልተሰማም» አለች ሌላ፣ የቢሮው የሴት ድምፅ። «እባክዎ ጮክ ብለው ይድገሙ።»

«እምቢ!»

ከሕዝቡ «እንዴ!» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአደባባይ ያልተሰማ ነገር ነው። ሽማግሌው ሕጉ በሚያዘው መሠረት ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁለተኛውን ቃል ተናገሩ። ይህን ቃል የዞኑ ሰው የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ሽበቴን እየው። ድንጋይ ልሸከምልህ? እግርህ ላይ ልውደቅልህ? ካልክ እወድቃለሁ።»

የጫኔ ክንድ ወረደ። ለራሱ ቢተው እሺ ብሏቸው ነበር፤ ጥይቶቹንም ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎ ቤቱ ይገባ ነበር። አባቱ እግሩ ላይ ሲወድቁ በዓይኑ መጣበት። አቶ ሽባባው «ተው አንተ፣ በመቃብራቸው አፋፍ አባትህን ታዋርዳለህ?» አሉ። ሌሎችም «ተው! ተው!» እያሉ ተቀበሏቸው። የሦስት መቶው ሰው ልብ ስለተነሣ ከየአንቀልባው ሽማግሌው አብረው ተው፣ ተው ማለት ጀመሩ። አባቱ ከፊት፣ አባቱ ከኋላ፣ አባቱ ከየሰው ደረት። አንዱ ብቻ፣ ከአፈር ሥር ያሉት ብቻ፣ ተኩስ ብለውታል። እሳቸው ደግሞ አሁን መናገር አይችሉም።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ከሴቶቹ ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋለች።

«ጫኔ!» አለች። «ለሶልያና እሺ አልክ፣ ለቢሮው እሺ አልክ፣ ለሾፌሩም ለረዳቱም እሺ ስትል ኖርክ። በእሺህ ነው ያረጀሁት! ለአባትህ ግን አንድ እሺ አለብህ። በላ!»

ጫኔ ክንዱን አነሣ። አራት ኪሎ ከሦስት መቶ።

«እምቢ!» ብሎ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ድገም አላለችውም። «እምቢ፣ አባባ! ይቅር ይበሉኝ፣ እምቢ!»

መካነ መቃብሩ ጭጭ አለ። ሦስተኛውን ቃል የሰማ ሰው ስለሌለ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ የሚል የወንበር ድምፅ ተሰማ። ከሩቅ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ «ይቀጥሉ አባቴ፣ እየቀዳ ነው» አለ። ከዚያ አቶ ይርሳው ተነፈሱ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው፣ የራበው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሺ። በቃ፣ እኔም አቃተኝ» አሉ። «ግን፣ ልጄ፣ ወደ ላይ ተኩስ። እዚያ ሰው የለም። ወደ ላይ አድርገህ ተኩስ።»

ቃታው ተከፈተ።

የመጀመሪያው ጥይት ሲወጣ ጃንጥላዋ ተገንጥላ በረረች፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከሃያ ዓመት በታች ያሉት ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ መሬት ተኙ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ተራራው ድምፁን ተቀብሎ እየተንከባለለ ሲመልሰው አቶ ሽባባው ወረቀታቸውን ጥለው እንደ ልጅ አለቀሱ። በሁለተኛው ጥይት ፎካሪው ከቦታው ተፈናቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ፤ እዚያም ሆኖ አንድ ጊዜ «ስም ያስገቡ» ብሎ ዝም አለ። ማንም ሊያወጣው አልወረደም። በሦስተኛው ማራገቢያው፣ ውሃ ልኩ፣ ማቆሚያው፣ ሶፍቱ፣ ሁሉም ተራገፈ። ጫኔ እጅ ላይ የቀረው አያቱ የሚያውቁት ራቁቱን የሆነ አሮጌ ማካሮቭና፣ ከሥሩ በአንዲት ሽቦ የተንጠለጠለው ሽማግሌ ነበር። ጫኔ እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ ትርንጎ መጥታ ጭቃውን ከጉልበቱ እስክታራግፍለት ድረስ።

በሳምንቱ ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ትሑት ነበር። የዞኑ ሽማግሌ ሦስተኛ ቃል «ከዓላማው ጋር የማይጣጣም» ሆኖ ስለተገኘ፣ የአቶ ይርሳው ድምፅ ከሁሉም መሣሪያዎች ላይ ተነሥቶ በሠለጠነ ባለሙያ ድምፅ ይተካል። ለዚህም ማንኛውም ባለመሣሪያ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ገጣጣሚ ዘንድ ይቅረብ። ይህን የማይፈልግ ሰው ጥይቶቹን ለቢሮው አስረክቦ ሽጉጡን በቤት ጌጥነት ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ሃያ ዓመት ሙሉ ሕጉ ውስጥ ነበረች፤ አንድም ሰው ተጠቅሞባት አያውቅም።

ጫኔ ሽጉጡን በፌስታል ይዞ ሶልያና ዘንድ ሄደ።

«አዲሱ ድምፅ በጣም ያምራል» አለችው። «ሬዲዮ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። የተራገፈውንም እመልስልሃለሁ። ደግሞ አሁን የመጣ ወደ ላይ ሲተኮስ የሚቆልፍ አዲስ…»

«እምቢ» አለ ጫኔ።

ሶልያና አፏን ከፍታ ቀረች። እሱም ገረመው፤ እንዲህ ቀላል መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ሽማግሌውን ብቻ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝ» አለ። «የድሮውን።»

ከዚያ ወደ ቢሮው ሄዶ የራሱን ሦስት ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጸሐፊዋ ምን ዓይነት ፎርም እንደሚሞላ ስለማታውቅ ሦስት ሰዎች ጠራች። በኋላ የምስጋና ወረቀት ላኩለት፤ በዞኑ በገዛ ፈቃዱ ጥይቱን የመለሰ የመጀመሪያው ዜጋ ይላል። ትርንጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ትንሽ ዘሟል፤ የውሃ ልኩ የለምና።

አሁን የጫኔ ጠዋት አርባ ደቂቃ አይፈልግም። ቁርሱን በልቶ ሽጉጡን ይዞ ደጃፉ ላይ ይወጣና በርጩማው ላይ ይቀመጣል። አንቀልባ ያዘሉ ጎረቤቶቹ በአዲስ የሬዲዮ ድምፅ እየተመከሩ ወደ ሥራቸው ሲያልፉ ሰላም ይላሉ። ካዝናው ባዶ ነው። ጫኔ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ቃታውን በቀስታ ይነካል።

«ልጄ፣ ተው» ይሉታል አባቱ። «እኔን ካከበርከኝ ተው።»

«እሺ፣ አባባ» ይላል ጫኔ፤ ሽጉጡን አስቀምጦ ወደ መናኸሪያው ይሄዳል።